ወንድሜን በማጭድ ያስተኮስን ቀን

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን አምና ሆስፒታል ተኝቼ እንደ አዲስ አለቀስኩበት።

ወንድም ጋሼ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበር። ጎኑን ሲያመው አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረ። ሐኪሙ “ጉበትህ ላይ ትንሽ እጢ አለች፤ ሳታድግ ቆርጠን እናውጣት፣ ትድናለህ” ብሎ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠው። እሱም ደስ ብሎት ሊነግረን አንኮበር መጣ። ምነው በቀረ!

አባታችን “ሆዱን ተቀዶ የተነሳ ሰው አላየሁም” ብሎ ድርቅ አለ። እኛ አገር ጉበቱን ያመመው ሰው በጋለ ብረት ይተኮስ ነበርና የታወቁ ተኳሽ ሽማግሌ አስጠራ። ወንድሜ “አባባ፣ ሐኪሙ እኮ ትድናለህ ብሎኛል” ቢል ማን ሰምቶት!

አጎቶቼ እጆቹን ያዙ። አባቴ እኔን “እግሩን ያዢ” አለኝ። ያዝኩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም።

ሽማግሌው ማጭዱን ፍም ውስጥ አግለው ቀኝ ጎኑን ሦስት ቦታ ተኮሱት። የሥጋው ሽታ ቤቱን ሞላው። ወንድሜ መጮኹን ትቶ ቀና ብሎ አየኝና “አንቺም?” አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጭራሽ አጥብቄ ያዝኩት።

ቁስሉ መገለ። በቀጠሮው ቀን አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አየና ተቆጣ። “መግል ባለበት ገላ ላይ ቢላ አላሳርፍም፤ ሲደርቅ ተመለሱ” አለን። ለመድረቅ አራት ወር ፈጀ። ስንመለስ እጢዋ ጉበቱን ሞልታዋለች።

በፋሲካ ማግስት ቀበርነው። አባቴ ለለቀስተኛው “እንኳንም አልተቀደደ፤ ሙሉ ገላውን ቀበርነው” ሲል ሰማሁት። ሰው መጥላት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

አምና እኔም ጉበቴ ላይ ትንሽ እጢ ተገኘብኝ። ወጣቱ ሐኪም “እማማ፣ አይቀደዱም። ቀጭን መርፌ አስገብተን እጢዋን ብቻ በሙቀት እናቃጥላታለን” አለኝ። ወይ ጉድ!

አደንዝዘውኝ አቃጠሏት። ስነቃ ሳለቅስ ያየችኝ ነርስ ደንግጣ “አመመዎት እንዴ?” አለችኝ። “የለም ልጄ፣ ምንም አላመመኝም” አልኳት። ያስለቀሰኝም አለማመሙ ነበር።

አሁን ጎረቤት “እንኳን እግዜር ማረሽ” ሲለኝ አሜን እላለሁ። አባቴን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሐኪሙ የሚያድን አልመሰለውም። እኔ ግን ወንድሜ ሐኪሙ ያለውን ሲነግረን አምኜው ነበር። እያመንኩት ነው እግሩን የያዝኩት።