ሹሩባ ሠሪው ልዑልሰገድ

ውብነሽ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአውቶቡስ ሹፌር ናት። ጎህ ሳይቀድ ሥራ ስለምትገባ ጠዋት ቤቱን የሚይዘው ባሏ ልዑልሰገድ ነው። ቁርስ ይሠራል፣ የልጃቸውን የሄለንን ጸጉር ይጎነጉናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዳምስ ሞርጋን ሬስቶራንት ሥራ ይገባል።

ውብነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሄዳ፣ ሥዕል እንጨት ላይ ቀርጾ ወረቀት ላይ ማተም ትማራለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የታተሙ የቤት ውስጥ ሥዕሎች ዘረጋችላቸው። አባት ኮፍያውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ እናት ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። የሚቀጥለውም ያው፣ ከሱ የሚቀጥለውም ያው።

"ብዙ ጊዜ ቀለሙን በእጃቸው የሚቀቡት ሴቶች ነበሩ" አለች አስተማሪዋ። "አንዷ ሰማያዊውን ቀብታ፣ ቀይ ለምትቀባዋ ታሳልፋለች። ስማቸው ግን የትም የለም።"

"እኔ ቤት እኮ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ!" አለች ውብነሽ ሳታስበው። ክላሱ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን እርሳስ አንስታ ነበር። ራሷን በዩኒፎርም በር ላይ፣ ልዑልሰገድን ሄለንን ከፊቱ አስቀምጦ ሹሩባ ሲሠራ አድርጋ ሣለች፣ ቀረጸች፣ አተመች።

ወረቀቱን ቤት ስታሳየው ልዑልሰገድ ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

"ሰው ያየዋል?"

"ኤግዚቢሽን ላይ ይሰቀላል። ካልወደድከው ሥዕሉ ላይ በሹሩባው ፋንታ ጋዜጣ አስይዝሃለሁ።"

"የምን ጋዜጣ! ሹሩባው ነው እንጂ የተበላሸው። ከግንባር ነው እኮ የሚጀመረው! ሰው አይችልበትም ይለኛል!"

"ሂ ኢዝ ራይት፣ ማሚ!" አለች ሄለን እየተንከተከተች።

ተቀርጾ የወጣ እንጨት አይመለስምና ውብነሽ አዲስ ሰሌዳ ያዘች። ልዑልሰገድ ሄለንን አስቀምጦ ቀስ እያለ ሲጎነጉን ጣቶቹን አንድ በአንድ ሣለች። በሚታተምበት ቀን አብሯት መጣ። ወረቀቱ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ሹሩባው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሁለቱም እኩል በደስታ ጮኹ። አስተማሪዋ ብሩሽ ሰጠችውና የሄለንን ቀሚስ ቢጫ ቀባው፤ ከታች ባልና ሚስቱ ሁለቱም ፈረሙ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ከበልትስቪል የመጣች ጓደኛቸው ሰርክአዲስ ሥዕሉ ፊት ቆማ ቆየች። ከዚያ ጸጉሯ የተንጨባረረ ልጇን እጇን ይዛ ወደ ልዑልሰገድ መጣች።

"የእሷንስ ትሠራላታለህ?"

ልዑልሰገድ እጅጌውን ሰበሰበና ወንበር ፍለጋ ሄደ።