የሞልቱ ቡታጋዝ

የሞልቱን ዓይን በልጅነቷ ፈንጣጣ ወሰደው። ምላሷን ግን አልነካባትም፤ ጎፋ ሰፈር ውስጥ የነካካት ሁሉ ይመሰክራል። ደርግ በወደቀበት ዓመት እናቷ ከሞቱ ወዲህ በቀበሌ ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሽሮዋን ራሷ ሠርታ ትበላለች። ታላቅ ወንድሟ ዱጉማ ከብስራተ ገብርኤል ብቅ ባለ ቁጥር፣ «አንድ ቀን ትቃጠዪና ጠቅልለሽ እኔ ቤት ትገቢያለሽ» ይላታል።

«ሚስትህ እንኳ አንተ ቤት መኖር አቅቷት ሁለቴ ኮብልላለች» ትለዋለች።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሞልቱ አክስቷ ዘንድ ለቅሶ ሄዳ ሰነበተች። ይኼኔ ጎረቤቷ ሙፊዳ፣ የሰው በዓል ካላደመቀች እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ሴቶቹን ጠራርታ ዘመቻ ወጣች። ቤቱን ኖራ ቀቡት፤ አልጋውን አዞሩት፤ የቅመም ጣሳዎቹን በቁመት ደረደሩ፤ መሬት ላይ የነበረውን ቡታጋዝ ጠረጴዛ ላይ ሰቀሉት። ባለቤቲቱን መጠየቅ ለማንም ትዝ አላለውም።

ሞልቱ ስትመለስ መጀመሪያ አልጋው ጉልበቷን መታት። ቀጥሎ ቡታጋዙን በዳበሳ አግኝታ ሽሮዋን ጣደች፤ ድስቱን አወርዳለሁ ስትል ግን ከፍታውን ስላልለመደችው ክንዷ እሳቱ ውስጥ ገባ።

ሙፊዳ በጩኸቷ ደረሰች። «ወይኔ ሞልቱዬ! ደስ እንዲልሽ ብለን እኮ ነው። እንዴት እንዳማረ ብታዪው!»

«ባየው ኖሮ እቃጠል ነበር?»

ዱጉማም ተጠርቶ መጣ። «አላልኩሽም?»

«መጀመሪያ ቤቴን መልሱልኝ!»

ሴቶቹ ሊመልሱ ተነሡ። «ጨው ከበሩ አጠገብ ነበር።» «ኧረ ከአልጋው ሥር!» የሰፈሩን ገመና አንድ ሳይቀር የሚያውቁ ሰዎች፣ ዘወትር የሚገቡበት ቤት ጨው የት እንደነበር አጡት። ሞልቱ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ ራሷ አዘዘች፤ ዱጉማ ተሸከመ። አልጋው ዞረ፤ ጣሳዎቹ ቦታቸውን ያዙ።

«አሁን ቡታጋዙን መሬት፣ ጥጉ ላይ።»

ዱጉማ ቡታጋዙን አነሣው፤ ወደ ጥጉ ግን አልሄደም።

«ዱጉማ?»

«እሱን ይዤው እሄዳለሁ። ምሳሽን ሙፊዳ ታመጣልሻለች፤ ተስማምተናል።»

«ከማን ጋር?»

ሙፊዳ ነጠላዋን አስተካከለች። ሞልቱ ግድግዳውን እየዳሰሰች በሩ ጋ ደረሰችና ደፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። «በል፣ ተሻገረኝ።»

በተቀመጠ ሰው ላይ አይሻገሩም፣ ነውር ነው፤ ያውም እህት። ዱጉማ ቡታጋዙን ታቅፎ ቆመ፤ ላምባው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ለራሷ ብዬ ነው፣ አይደል?»

«ለራሷ ነው» አሉት።

ተሻገራት። ጩኸቱን ሰምቶ ደጅ የተሰበሰበውም ሰው መንገድ ለቀቀለት።