ወንድ ልጅና ገንፎ

አሶሳ ውስጥ ገንፎ የማይበላበት ቤት ቢፈለግ የኛ ቤት ነበር። በርታ ጎረቤቶቻችን ጠዋትም ማታም ይበሉታል፤ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ይበሉታል። የማሽላ ገንፎ ነው፤ ከጎኑ የባሚያ ወጥ ይፈስበታል፣ ሲያነሱት እንደ ክር እየተለጠጠ እጅ የሚከተል ወጥ። አባቴ ግን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጣ አንድ ሕግ ይዞ መጥቷል፦ ገንፎ የአራስ ምግብ ነው፤ ወንድ ልጅ ገንፎ በልቶ ሰው ፊት አይቆምም። አገሩን ጥሎ መጣ፣ በሬውን ጥሎ መጣ፤ ይቺን ሕግ ግን የትም አልጣላትም። ጎረቤት ሲጋብዘው “አሁን በልቼ መውጣቴ ነው” ይላል። ዕድሜውን ሙሉ በልቶ እንደወጣ ነው የኖረው።

ጥቅምት ላይ ወባ ጣለችው። ወባዋስ ለቀቀችው፤ አቅሙን ግን ይዛው ሄደች። ጥርሱ ድሮ አልቋል፣ አሁን ደግሞ ጉሮሮው እንጀራ አልቀበል አለ። አንድ ጉርሻ ሲውጥ ያስለዋል፣ ዓይኑ ደም ይመስላል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሐኪሙ ለስለስ ያለ ነገር ስጪው፣ በዚሁ ከቀጠለ ሰውነቱ አይችልም አለኝ። ለስለስ ያለ ነገር! ሾርባ ሠራሁለት፤ ውሃ ነው ብሎ መለሰው። አጥሚት ሠራሁለት፤ እሱም የአራስ ነው ተባለ። ማንጎ ላድቅቅልህ አልኩት። ማንጎ በኛ ሰፈር ከዛፉ ሥር ወድቆ ዝንብ የሚሰፍርበት ነገር ነው፣ ማንም ቁም ነገር አይለውም፤ እሱም አላለውም። ለፋሲካ ከዶሮው መረቅ ቀምሶ ተወው። ብብቱን ይዤ ሳነሳው አጥንቱ እጄ ላይ ይቆጠራል።

እኔ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ግማሽ ቀን ስጮህ እውላለሁ፤ ከዚያ ቤት ገብቼ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አበስላለሁ፣ የተመለሰውን ምግብ እደፋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሩቅ ነው፣ ማንኩሽ ከተማ ነው ሥራው። ሲመሽ እየደወለ “አባዬ በላ?” ይላል። ሌላ ጥያቄ የለውም። አልበላም ስለው “እንዴ፣ ለምነሽ አብዪው እንጂ” ይለኛል። አንድ ቀን ና አንተ ለምነህ አብላው ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። በማግስቱም ደወለ።

ገንፎውንም ሞክሬዋለሁ፣ ያውም በሟች እናቴ ሙያ፣ መሐሉን አጎድጉጄ፣ ቅቤና በርበሬ አድርጌ። ሳህኑን አየው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

“ማንን ወለድኩ ብለሽ ነው?”

እኔን፣ ልለው አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ያልታጠበ ድስት ፊት ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ። እግሬ እንቢ አለ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የጎረቤታችን የቀርከሃ አጥር ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ በሱ በኩል ሃቦባ አየችኝ። ሃቦባ በሰፈሩ አረብኛ አያት ማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። በርታ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ስወለድ እኔን ተቀብላ ያጠበችኝ እሷ ናት። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ አማርኛን ኋላ ስለተማረችው ቄሱም ሊቀመንበሩም ለሷ አንተ ነው። ምን ሆንሽ አለችኝ፤ አባቴ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው፣ በገንፎ ፊት፣ አልኳት። አለቀስኩም። ከቀዳዳው ዞራ ሄደች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ተስፋ ማድረግ ራሱ ደክሞኝ ነበር፣ ተመልሳ ትመጣለች አላልኩም።

መጣች። ገንፎና ባሚያ የያዘ ትሪ በጭንቅላቷ ተሸክማ፣ ደጃፋችን ላይ ቆማ እልል አለች። እልልታው ሲሰማ አባቴ ከግድግዳው ዞረ። በሠፋሪ ቤት ስንት ምጥ አይታለች፤ የሚባለውን ታውቀዋለች።

“እንኳን ማርያም ማረችህ!” አለችው።

ደነገጥኩ። አባቴ በዚህ የሚቀልዱበት ሰው አይደለም። እሷ ግን ትሪውን አልጋው ላይ አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች።

“ትተኛለህ፣ ያጥቡሃል፣ ይደግፉሃል። አራስ ሌላ ምን ያደርጋል? አራስ ነህ፣ ብላ።”

ብርድ ልብሱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ አልኩ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ አለ። እጁን ዘረጋ። ከገንፎው ቆረሰ፣ ባሚያው ውስጥ ነከረ፣ ጎረሰ። ሳሉን ጠበቅሁ። አልሳለም። ደገመው።

ደስታ እንኳ ቶሎ አልመጣልኝም። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፣ ለምን እዋሻለሁ? እኔ ከጥቅምት ጀምሬ ስለምን፣ እሷ በአንድ ቀልድ! በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

እጁ ትሪው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከታመመ ወዲህ የሚያየው ሳህኑን ወይ ግድግዳውን ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊቴ ላይ ቆየ።

“ተሳስተሻል” አላት ሃቦባን። “አራሷስ እሷ ናት። አታያትም፣ አልቃለች እኮ።”

ትሪውን ወደ እኔ ገፋው። ነይ ልጄ አለኝ። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርሶ ዘረጋልኝ፤ ጉርሻው እስኪደርሰኝ ባሚያው አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። ነገ የማጥበው እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ።

ሲመሽ ወንድሜ ደወለ። “አባዬ በላ?” አለኝ።

“በላን” አልኩት።