መብራት የጠፋበት እሁድ

ጠይባ ጠሃ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጣለች። ደንበኞቿ እትዬ ጠይባ ይሏታል። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በመዳፏ እየዳበሰች ለሙሽሮች ዳንቴል ስታማርጥ ያያት ሰው፣ ይህች ሴት በኮረዳነቷ ከመድረክ ሥር ቆማ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮዋን እስኪደፍነው ትጮህ ነበር ቢሉት ይስቃል። የገዛ ልጇ ሱንዱስም ስቃባታለች።

«እማ፣ አንቺ ነሽ ሮክ የምትሰሚው? በደርግ ጊዜ?»

«ሮክ ይባል ምን ይባል ማን ያውቃል? እኛ ናዳ ነበር የምንለው።»

«እስቲ ካሴታቸውን አምጪና እንስማ።»

ጠይባ ካሴቱን ከቁም ሳጥን ፈልጋ አመጣች። ሱንዱስ አንዱን ዘፈን እስከ ግማሹ ሰማችና «ይሄ ነው እንዴ? ቀዝቃዛ ነው እኮ» ብላ ተነሳች። ጠይባ አልተከራከረቻትም። ልጅቷ እውነቷን ነው። ናዳ ባንድ ያወጣው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ እሱም ሳንሱር አልፎ፣ ጊታሩ ታፍኖ፣ ድራሙ ከጎረቤት ግቢ እንደሚሰማ ሙቀጫ ደብዝዞ የወጣ ነው። የእሁዱ ናዳ ሌላ ነበር። እሱን ደግሞ የቀዳው የለም።

በሰባዎቹ ውስጥ ናዳዎች እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ይጫወቱ ነበር። ጠዋት የወጣት ማኅበር ስብሰባ የሚካሄደውም እዚያው ነው። ስለዚህ ጠይባ ለአባቷ «አዳራሽ ስብሰባ አለብኝ» ስትላቸው ሙሉ በሙሉ መዋሸቷ አልነበረም። ሐጂ ጠሃ ጭድ ተራ የፍራሽ ጭድ የሚነግዱ፣ በሶላታቸው የጸኑ፣ ቀበሌን ግን አብዝተው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ከስብሰባ የቀረ ምን እንደሚገጥመው ስለሚያውቁ «በይ ሂጂ፣ ደግሞ ቀረች እንዳይሉሽ» እያሉ ራሳቸው ያጣድፏታል። እሷም ሄዳ ጠዋት ስለ ምርት ዘመቻ ታዳምጣለች። ከሰዓት አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፤ የመድረኩ ቀይ ጨርቅ እንኳ ሳይነሳ ናዳዎች ሽቦአቸውን ይዘረጋሉ።

አምስት ነበሩ። ሰዉ የሚጠራው ግን የዘፋኙን ስም ነው፤ «ወልዴ! ወልዴ!» ወልደ ሚካኤል ረጅም፣ ከሲታ፣ ጎፈሬው የማይክሮፎኑን ጫፍ የሚውጥ ልጅ ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሲለሰልስ ያስጨንቃል፣ ሲጮኽ ያሳርፋል። ሴቶቹ ወላጅ ሸውደው ይመጣሉ። የወንዶቹ ይብሳል፤ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የሚካሄድበት ጊዜ ስለነበር፣ ከቤት ወጥቶ አዳራሽ መድረስ በራሱ ጀብዱ ነው። ደርሶ በሩን ያለፈ ወንድ መጀመሪያ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ይጨፍራል።

ከእነዚያ እሁዶች ሁሉ አንዱ ይለያል። ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ናዳዎች ስለ አንድ የዘገየ መንገደኛ የሚናገረውን፣ ሰዉ የሚሞትለትን ዘፈን ጀምረው መግቢያውን ሲጫወቱ መብራት ድርግም አለ። የአዳራሹ መስኮቶች ለፊልም ማሳያ ሲባል በጥቁር ሸራ ተሸፍነው ስለነበር በጠራራ ቀን ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ጊታሩ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ድራሙ ብቻ ቀስ እያለ ቀጠለ። ያኔ በጨለማው ውስጥ፣ ያለ ማይክ፣ የወልዴ ድምፅ ብቻውን ተነሳ። ሰዉ ተከተለው። ዘፈኑ አልቆ እንደገና ተጀመረ፤ መብራቱ ሲመጣ ግማሹ ሰው እያለቀሰ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ አዳራሹም የጎማ መጋዘን ሆኖ፣ ጠይባ ይህን እሁድ የሚያስታውስ ሰው ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ሶማሌ ተራ በአንድ የድምፅ ማጉያ ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ ያ የታፈነ ካሴት ከትልቅ ስፒከር ሲወጣ ሰማች። እግሯ ቆመ። ባለሱቁ ሱፍያን፣ ጸጉሩ ከፊት የሸሸ ሰው፣ አያትና «አዳራሽ ነበርሽ?» አላት።

«ነበርኩ።»

«መብራት የጠፋ ቀንስ?»

«ከመድረኩ ሥር ነበርኩ።»

ሱፍያን ወንበር ሳበላት።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ምዕመኑ ምንጣፉን ጠቅልሎ መንገዱ እስኪከፈት፣ ሱፍያን ሱቅ ሻይ መጠጣት ልማድ ሆነ። ሦስተኛቸው እሱም ከአዳራሹ ልጆች አንዱ የነበረው ጃፋር ነው፤ ቅመም ነጋዴ፣ ልብሱ ሁልጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚል፣ ሳቂታ ሰው። የጠይባ ባል አብደላ ለዕቃ ዱባይ ሲመላለስ ነው የሚኖረው፤ ይህን ጉባኤያቸውን ሲሰማ «ሦስት ሽማግሌ ስለ አንድ ጊታር» ብሎ ከመቀለድ በቀር ቅር አላለውም። ወሬያቸው ያው ነው። ባንዲራ የሚያህል ኮሌታ ስለነበረው የጊታሩ ሰውዬ፤ ድራም መቺው ዱላውን ወደ ላይ ወርውሮ መያዝ ሲያቅተው ስለሳቁት ሳቅ። ብዙ ነገር ላይ ይከራከራሉ። መብራት ስለጠፋበት እሁድ ግን ክርክር የለም። በተለይ ሱፍያን ስለዚያ ድምፅ ሲያወራ ያምርበታል።

«ስንት ስፒከር ሸጫለሁ» ይላል። «እንዲያ ያለ ድምፅ ከአንዱም አልወጣም። ያለ ማይክ፣ ያለ ምንም! አጥንቴ ውስጥ ነው የሰማሁት።»

ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከበዓል በፊት ባለው ግርግር፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ጠይባ ሱቅ ገባ። ጎፈሬ የለውም። ወፈር ብሏል፣ መነጽር አድርጓል። ለአንድ መስኮት የሚሆን ጨርቅ ፈለገ።

«ይሄ ከበደኝ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ የለሽም?»

ጠይባ የያዘችውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ድምፁ ረግቷል፣ ዝቅ ብሏል፤ ግን ያው ሻካራ ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፤ እርስዎ... ወልደ ሚካኤል አይደሉም? የናዳው?»

ሰውየው ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው ያለ ይመስል አየና ፈገግ አለ። «ኧረ ተይኝ። ያንን ስም ከጠራልኝ ሰው ጋር ከተገናኘሁ ቆየሁ።»

ቆመው አወሩ። ባንዱ የተበተነው ደርግ ሲወድቅ ነው። ጊታሪስቱ ኬንያ ገባ፤ ድራም መቺው ሞቷል። እሱ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ያስተምራል። «ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ፍሬን ያዝ ስል ነው የምውለው» አለ። መዝፈን ትቷል። ለምን እንደተወ ጠይባ አልጠየቀችም። ስለ አርቡ ሻይ ስትነግረው ግን የመነጽሩን መስታወት እየጠረገ ቆየ።

«ዝፈን አትሉኝም?»

«አንልም። ወላሂ አንልም። ቢመጡልን ብቻ ይበቃናል።»

ስልኩን ተቀብላ ስትሸኘው ልቧ ከፍ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ሱፍያንና ጃፋር የሚጠብቁት ያንን ከሲታ ልጅ ነው። እሷስ ብትሆን? እስከዛሬ የያዘችውን ነገር በገዛ እጇ ልታበላሸው ይሆን? በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውላ «ይቅር» ልትለው አስባ ተወችው።

አርብ ዕለት ወልደ ሚካኤል ጃኬቱን ለብሶ መጣ። ሱፍያን ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጃፋር አንድ ከረጢት ቅመም አስጨበጠውና «ለቤት» አለው። ሻይ መጣ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ያፍሩ ነበር። ወሬ የጀመረው ራሱ እንግዳው ነው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። «እኔ ያንን አዳራሽ አይቼው አላውቅም። ፊቴ ላይ ሁለት ትልልቅ አምፖል ነበር የሚበራው። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ነው። ጩኸት ይመጣል፤ ማን እንደጮኸ አላውቅም። እናንተ እኔን አይታችኋል፤ እኔ ግን አንዳችሁንም አላየሁም። እስቲ ምን ይመስል ነበር?»

ይህን ሲላቸው አፋቸው ተፈታ። እየተሻሙ ነገሩት። የወለሉ ጣውላ እንዴት ይነጥር እንደነበር፣ ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ባንድ ጥግ እንደሚከምሩት፣ ዘበኛው ራሱ በሩን ትቶ እየገባ እንደሚጨፍር። ወልደ ሚካኤል ጉንጩን ተደግፎ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ «በእውነት?» ይላል፣ እንደ ልጅ። ጠይባ ፍርሃቷ ለቀቃት። ከዚያ ሱፍያን ወደሚወደው ነገር ገባ።

«ከሁሉም ከሁሉም ግን መብራት የጠፋ ቀን! ጋሼ፣ በጨለማ ውስጥ ያ ድምፅህ...» አንተና እርስዎ ተቀላቅሎበታል።

የወልደ ሚካኤል ፊት ተለወጠ።

«ያን ቀን አልዘፈንኩም» አለ።

«እንዴት?»

«አልዘፈንኩም። በዚያን ሳምንት የታናሽ ወንድሜን መርዶ ሰምተን ነበር። ሰሜን ነው የቀረው። ልቅሶ በግልጽ መቀመጥም አልተቻለም ነበር፤ ይህ ሁሉ ሆኖ እሁድ ውጣና ዝፈን ተባልኩ። መግቢያው ሲጀመር ስለ መንገደኛው የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ማይኩን ይዤ ቆምኩ። ልዋረድ ነው ስል መብራቱ ጠፋ። አምላኬ አወጣኝ አልኩና ከድራሙ ጀርባ ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናንተ ናችሁ የዘፈናችሁት። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብዬ ሰማኋችሁ።»

ጃፋር ሊስቅ ጀምሮ አቆመ። ሱፍያን ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም» አለ። «እኔ ሰምቼሃለሁ። ድምፅህን አላጣውም።»

«ወንድሜ፣ እኔ ነኝ እኮ የምነግርህ።»

«ረስተኸው ነው።»

«ይህ የሚረሳ ይመስልሃል?»

ሱፍያን ተነስቶ ወደ ስፒከሮቹ ሄደና ያልተፈታ ሽቦ መፍታት ጀመረ። ወልደ ሚካኤል ትንሽ ቆይቶ፣ ሻዩን ሳይጨርስ፣ «ባልናገር ይሻል ነበር መሰለኝ» ብሎ ወጣ። ጠይባ እስከ መንገዱ ሸኘችው።

«አስቀየምኳቸው» አላት።

«እንጃ ጋሼ። እኔን ግን አላስቀየሙኝም።»

ይህን ያለችው ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ወደ ሱቋ ስትመለስ፣ ገበያተኛ ስታስተናግድ፣ ማታም እራት ስታቀርብ ያንን ጨለማ ደጋግማ ገባችበት። ድምፁ የመጣው ከመድረክ ነበር? ወይስ ከጎን? ሁልጊዜ ወደ ላይ አንጋጣ እንደሰማችው ነበር የምታስታውሰው። በጨለማ ውስጥ ግን ወደየት ማንጋጠጥ ይቻላል? አሰበች፣ አሰበች። በቀኝ ትከሻዋ በኩል ሞቅ ያለ ትንፋሽ ትዝ አላት። አንድ ሰው ነበር። ወንድ ነው። ይጮህ ነበር።

ሱፍያን ሁለት አርብ ሱቁን ቶሎ ዘግቶ ሄደ። በሦስተኛው ጠይባና ጃፋር ሲመጡ ሻዩን አስቀድቶ ጠበቃቸው። ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ ጠየቃቸው።

«ያን ቀን ከጎናችሁ ማን ነበር?»

ጃፋር የአክስቱ ልጅ እንደነበረ ተናገረ፤ አሁን ጅማ ነው፣ መምህር ሆኗል። ሱፍያን በበኩሉ አንዲት ረጅም ልጅ ክንዱን ይዛው እንደነበር፣ ስሟን ግን መቼም ጠይቋት እንደማያውቅ ነገራቸው። እየተጨነቀ፣ ፊቷን ለማምጣት ግንባሩን እያሸ ነበር። እስከዛሬ ያወሩት ስለ አምስቱ ሰዎች ብቻ ነው። አብረዋቸው ስለቆሙት አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

«ከኔ ጎን የነበረው ሙስአብ ነው» አለች ጠይባ። ስሙ ሲወጣላት ራሷም ደነገጠች። «የጎረቤታችን ልጅ። ዜማ የማይሰማው ነበር፤ ሰርግ ላይ እንኳ ዝም በል ይሉታል። ያን ቀን ግን ጨለማ ነው፣ ማን ያየዋል፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮህ ነበር። ድምፁ ሻካራ ነበር ደግሞ።»

«አሁን የት ነው?» አለ ጃፋር።

«በዚያው ክረምት አፈሱት። አልተመለሰም። እናቱ ቆይተው ሰፈር ለቀቁ።» ጠይባ ብርጭቆዋን አሽከረከረች። «እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት የሱን ድምፅ የወልዴ ነው እያልኩ ሳወራ ኖሬ ይሆናል።»

ሱፍያን የወልደ ሚካኤልን ስልክ ጠየቃት። በማግስቱ ወልደ ሚካኤል ጋ የደወለው ሱፍያን ነው። ምን እንዳለው ለጠይባ አልነገራትም፤ ሰውየው ግን በቀጣዩ አርብ መጣ። እሷም ስለ ሙስአብ የምታውቀውን ሁሉ ነገረችው፤ ቢጫ ሹራብ ይወድ እንደነበር፣ ጠዋት ጠዋት የአባቱን ሱቅ በር ሲከፍት ያፏጭ እንደነበር፣ ፉጨቱም ዜማ እንዳልነበረው።

«ስሙን እንደገና ንገሪኝ» አላት ስትጨርስ።

«ሙስአብ።»

«ሙስአብ» አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሱፍያን ዞረና በስልክ ያነሳት ያች ረጅም ልጅ ምን ትመስል እንደነበር ጠየቀው።