የሙሽራው ሽንሽን

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሠርግ ሲደርስ ለኦሮሞውም፣ ለጉራጌውም፣ እንደ እኔ ወላጆቹ ከጎጃም ለመጡበትም የየወገኑን የአገር ልብስ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ሥራዬን አውቀዋለሁ። አንዲት ነርስ ደንበኛዬ ፈረንጅ እጮኛዋን አስከትላ ገብታ፣ እንደ ታላቋ አክብራ፣ «አዴ፣ የእሱንም ልብስ የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ» ስትለኝ ሱሪ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ።

ከቦርሳው ያወጣው ግን ቀሚስ ነበር። ወፍራም ሱፍ ነው፤ አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊው እንደ ዳማ ገበታ ተሰባጥሮ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር አግድምና ቁልቁል ያቋርጠዋል። ከኋላው ጥቅጥቅ ያለ ሽንሽን አለው።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የአያቴ» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «የወንድ አያቴ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም አብሮኝ ሳቀና አስረዳኝ። አሜሪካዊ ነው፤ ወደ ከተማችን የመጣው ነርሶችን ለማሠልጠን ነው። የአባቶቹ አገር ግን ስኮትላንድ ይባላል። እዚያ ወንዱ ይህን ለብሶ ይሞሸራል፤ ጨርቁም ታርታን ይባላል፤ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ጥለት አለው። በልጅቱ አባት አገር፣ ሲሬ በሚደረገው ሠርጉ ላይ ሊለብሰው ፈልጓል።

«አባቴ ሰምቷል» አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ግቢዬን አይረግጥም ብሏል።»

ልብሱን ገለበጥኩት። አያትየው ወፍራም ሰው እንደነበሩ ወገቡ ይናገራል፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ቀጭን ነው። በአንድ ጎኑ ብል በልቶታል።

«ይህን ለኔ ተዉት» አልኩ። «አባትሽን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ወደዚህ ላኪልኝ። እጮኛሽም ይኑር።»

ስፌቱን ስፈታ የሰፋውን ሰው አደነቅኩ። እያንዳንዱ እጥፋት የተለካው ቢጫው መስመር ቦታው ላይ እንዲውል ነው፤ ተሸንሽኖም ጥለቱ ሳይቆራረጥ ይታያል። ከዳር አንድ ሙሉ ጥለት የሚያህል ወደ ውስጥ አስገባሁና ብል የበላውን እዚያው ቀበርኩት። ከዚያ በእጄ ሰፋሁት፤ እንዲህ ያለውን ለመኪና አልሰጥም።

ቅዳሜ አባትየው ከባጃጅ ወርደው ገቡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ?» ብለው እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝ። ለሙሽራው ግን እጃቸውን ብቻ ሰጡት። ልብሱን አንስቼ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

«የጎሳው ልብስ ነው፣ ኦቦ» አልኩ።

«ጎሳ ካለው አባቶቹን ይቁጠራ» አሉ።

ሙሽራው አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ የገባውን ቅድመ አያቱን ጠራ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ሌላስ?»

«ከዚያ በላይ አላውቅም» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ አባባ። አያቴ ይህን ልብስ ከስኮትላንድ አላመጣውም። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ያሰፋው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ የጎሳውን ጥለት ፈልጎ ነው። ጥለቱም ሰው እንደሚያስበው ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም ይላሉ።»

ነገሩን ሊያበላሸው ነው ብዬ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። እሱ ግን ቀጠለ።

«የስኮትላንድ ዘር ነን የሚሉ ሰዎች በየዓመቱ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ልጅ ሆኜ እዚያ ጠፋሁ። ወንዱ ሁሉ ቀሚስ ለብሷል። አያቴን ለይቼ ያገኘሁት በዚህ ቢጫ መስመር ነው።»

አባትየው ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን አቀረቡትና ቢጫውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«አያትህ ጎሳቸው ጠፍቶባቸው ፈለጉት ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ጥሩ ሰው ነበሩ። ልበሰው።» ከዚያ ቀና አሉ። «ግን በሠርጉ ካንተ ወገን ማን ይቆምልሃል?»

ቤተሰቡ መምጣት እንደማይችል ነገራቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ቁሚለት።»

«እኔ እኮ ጎጃሜ ነኝ፣ ኦቦ!»

«የተወለድሽው እዚሁ ነቀምቴ አይደለም? እሱም አሜሪካ ነው የተወለደው። ምን ለያችሁ?»

ደስ አለኝ። ጎጃምን የማውቀው ከእናቴ አፍ ነው። ለበዓል የምለብሰውን ጥልፍ ቀሚስ የሰፋሁት እዚሁ ሱቄ ውስጥ፣ ክሩን ከጉራጌው ጎረቤቴ ገዝቼ ነው። ስለብሰው ግን አንድም ቀን የሰው ልብስ ሆኖብኝ አያውቅም።

ሲሬ ስንደርስ ከሚኒባሱ ቀድሜ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሙሽራው ሲወርድ ሴቶቹ እልልታቸውን ጀምረው በሳቅ አቋረጡት። አንዲት አሮጊት ሽንሽኑን በጣታቸው ገለጥ ሊያደርጉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ከሥሩ ምን ለብሷል?»

«ቁምጣ፣ እማማ። አስገድጄ ነው ያስለበስኩት።»

ሳቁ ዳስ ሙሉ ሆነ። ያኔ አባትየው መጥተው ክንዱን ያዙና በእንግዳው መካከል እያዞሩት «ኡፈተ ጎሳ ኢሳቲ!» አሉ፤ የጎሳው ልብስ ነው ማለታቸው ነው። እሳቸው ክንዱን ከያዙ በኋላ ማንም በሹፈት አልሳቀም። የሙሽራው ወገን ይነሳ ሲባል በጥልፍ ቀሚሴ ተነሳሁ።

«ምኑ ነሽ?» አለ አስተናባሪው።

«እህቱ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ጭፈራው ተጀመረ። ሙሽራው በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሱፍ በላብ እስኪጠመቅ ጨፈረ፤ ሲዞር ሽንሽኑ ይከፈታል፣ ሲቆም ተመልሶ ይከደናል።

በቀደም የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። የአባት ወገን ሳይሰማ ለሌላ ሰው አይነገርም ብለው ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉልኝ። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል በረርኩ።