ግማሽ ድምፅ

ቬኒያሚን ሳቭዬቪች ኮርዙኒን በቮልጋ ዳር ባለችው ከተማችን ተወለደ፤ በከተማችን ቴአትር ቤት ዕድሜውን ሙሉ ተጫወተ፤ እዚሁ ተቀበረ። አባቱ የወንዝ መርከብ መካኒክ ነበር። ልጁ ድምፁን ያገኘው በጭጋግ ቀን ከመርከብ ወደ መርከብ ከሚጣሩት ሰዎች ነው ይባላል። ይህን የሚያረጋግጥ ነገር ስላላገኘሁ ወሬ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። የቴአትር ቤቱን ሙዚየም የምጠብቀው እኔ ነኝና የማውቀውን ብቻ ልጻፍ።

ድምፁ ወፍራም አልነበረም፤ አይጮኽም። መድረክ ላይ በሹክሹክታ ሲናገር ግን ላይኛው ፎቅ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ተማሪዎች እንኳ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም። ሚስቱ ዞያ አርኪፖቭና ከመድረኩ ሥር ባለችው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በቀስታ የምታቀብል ነበረች።

«ለሌላው ሁሉ አቀብላለሁ» ትል ነበር። «የኔ ቬንያ ሲናገር ግን አፌን ከፍቼ ነው የምሰማው። ቃል ቢጠፋው ኖሮ ሁለታችንም ጉድ ፈልቶብን ነበር!»

አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ግን ፊቱን ነው። በጎልማሳነቱ፣ በጦርነት ጊዜ ወታደሮችን በጀልባ የሚያሻግር ሰው ሆኖ አንድ ፊልም ሠራ። በዚያ ዘመን ፊልም ደጅ ሲቀረጽ የነፋስና የሞተር ጫጫታ ስለሚገባበት፣ ተዋናዮቹ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ምስሉን እያዩ እንደገና ይናገሩ ነበር። የሱ ተራ ሲደርስ የቴአትሩ ወቅት ተጀምሯል፤ የቴአትር ቤቱ ኃላፊም አልለቀውም አለ። ሞስኮ ያለ ሌላ ተዋናይ ተናገረለት። ጥሩ ድምፅ ነው፤ መጥፎ ነው ልል አልችልም። ግን የሱ አይደለም።

ፊልሙ በየዓመቱ በድል ቀን በቴሌቪዥን ይታያል። ዳቦ ወረፋ ላይ ሴቶች ይከቡታል።

«እስቲ ያቺን ‹ተሻገሩ ልጆቼ› የምትለዋን ይበሉልን!»

ይላታል። ሰምተው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ፣ «በፊልሙ ይሻላሉ» አለችው። ይህን እየሳቀ ሲነግረን ዞያ አልሳቀችም።

ታዲያ የራሱ ድምፅ የት አለ? የከተማው ሬዲዮ አንድ ጊዜ ሙሉ ቴአትር ቀርጾት ነበር። ሄጄ ስጠይቅ፣ ቴፕ ስላጠረን በላዩ ሌላ ቀርጸንበታል አሉኝ። አላመንኳቸውምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ስለ ወተት ምርት የተደረገ ስብሰባ ነው።

ከዚያ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበት። ድምፁን ገና አልነካውም፤ ሐኪሞቹ ግን ማንቁርቱን ለማውጣት ሰኞ ቀጠሩት። ዓርብ ዕለት ቴፕ መቅረጫ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ዞያ ፒሮግ የሚሉትን በጎመን የተሞላ ዳቦ አቀረበች። እሱ መዋጥ ስላቃተው ሻይ ያማስላል። መቅረጫውን ስከፍተው በጣም የሚወደውን ንግግር ጀመረ፤ ግን በግማሽ ድምፅ። ተዋናዮቻችን ልምምድ ላይ እንዲህ ናቸው፤ ቃሉን እያጉረመረሙ ያስኬዱታል እንጂ ሙሉውን አያወጡም።

«ቬኒያሚን ሳቭዬቪች፣ እባክዎ በሙሉ ድምፅ።»

«ልጄ፣ ዛሬ ልምምድ ነው። ተመልካች ሳይኖር ድምፁን የሚያባክን ጀማሪ ብቻ ነው።»

«እኔ አለሁ እኮ!»

«አንቺማ የሙዚየም ሰው ነሽ። አቧራ ታራግፊያለሽ እንጂ መቼ ታጨበጭቢያለሽ?»

«ተዪው፣ ሪማ» አለች ዞያ። «ከቢላ በፊት ሙሉውን መስጠት መሰናበት ነው፤ ደግ አይደለም። እሁድ ጎረቤቶቹን እንጠራለን፣ ወንበር እንደረድራለን። ያኔ ይለዋል።»

በቴአትር ቤታችን ‹የመጨረሻ› የሚባል ቃል ገደ ቢስ ነው ተብሎ አይነሣምና እኔም መቅረጫውን ዘጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደም ተፋ። ሰኞን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ቀደዱት።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ያለ ድምፅ ኖረ። በድል ቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፤ ፊቱ ብቅ ሲል ከንፈሩ ቃሉን ይከተላል፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ዞያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትዘጋና በሱ ፈንታ ቃሉን በቀስታ ትለዋለች። ስትቸኩል ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል።

«ስንቱን ተዋናይ ሳቀብል አንድም ሰው አርሞኝ አያውቅም» ትለዋለች። «አሁን አንተ ልታስተምረኝ!»

ሲሞት አስከሬኑ እንደ ልማዳችን መድረኩ ላይ ተቀመጠ። የሞተ ተዋናይ ከቴአትር ቤቱ የሚሸኘው በጭብጨባ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰው ለክብሩ ብሎ የፊልሙን ንግግር ከፈተ። «ተሻገሩ ልጆቼ» አለ የሞስኮው ሰው። ዞያ ከወንበሯ ተነሣች።

«አጥፉልኝ! ይሄ ማነው? እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቀን አልኖርኩም!»

ሳቅ ያመለጣቸው ነበሩ። ወደ እኔ ዞራ፣ «ሪማ፣ ያንቺን አምጪ» አለችኝ።

የዓርቡን ቴፕ ከሙዚየሙ አምጥቼ ሰጠሁ። ማጉረምረም ተሰማ። ከቃሉ ይልቅ የሻይ ማንኪያው ይጎላል።

«አይሰማም! ከፍ አድርጉት!» አለ አንድ ሰው ከላይኛው ፎቅ።

ባለሙያው እስከ ጥጉ ከፍ አደረገው፤ የቴፑ ሽውታ ብቻ ጨመረ። ተጨማሪ ቴፕ እንዳለኝ በዓይኑ ጠየቀኝ። የለኝም። ያን ጊዜ ከማጉያው አንድ ጥርት ያለ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ ዓርብ ዕለት ለመቅረጫው የቀረብኩት እኔ ነበርኩና ድምፁ የኔ ነው።

«ቬኒያሚን ሳቭዬቪች፣ እባክዎ በሙሉ ድምፅ።»

ሕዝቡ ስንብቱ ይህ መሰለው። ተሸካሚዎቹ የአስከሬኑን ሣጥን አነሡ፤ ጭብጨባው ከታች ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ ፈነዳ። ከጭብጨባው ሥር፣ ቴፑ ላይ፣ እሱ ስለ ልምምድ እየተናገረ ነበር። ዞያ ሁለት እጆቿን አንሥታ፣ «ዝም በሉ! ገና አልጨረሰም! ዝም በሉ!» ትላለች። አጠገቧ ስለቆምኩ ሰማኋት። ሌላ የሰማት የለም።