ያልተላከው ቤት

ታየች አንሙት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ጠዋት አባቷን አንስታ፣ አጥባ፣ አልጋቸውን አስተካክላ፣ ቁርስ አጉርሳ ትወጣለች። ምሳ ሰዓት ሮጣ ተመልሳ ታገላብጣቸዋለች። ሲመሽም እንደዚያው። ሰው «እንዴት ነሽ ታየች?» ሲላት «አለሁ» ትላለች። ከዚያ በላይ ለመናገር ጉልበት አልነበራትም።

አባቷ አንሙት በጉንደ ወይንና በደብረ ኤልያስ ዙሪያ ስማቸው የሚጠራ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ በመዶሻ ሲያናግሩ የኖሩት ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋቸው ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ምላሳቸውም ከበደ። የደም ግፊት ነው ተባለ። ታየች ሆስፒታል እንዲቀርባቸው ብላ ደብረ ማርቆስ ወደ ተከራየችው ቤት አመጣቻቸው። እናቷ ቀድማ አርፋለች፤ ታላቅ ወንድሟ እንዳላማው ደግሞ ቤቱን ሊጠብቅ ጉንደ ወይን ቀረ።

መጀመሪያ ላይ አንሙት ዝም ብለው ግድግዳ ያዩ ነበር። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ጠመም ብሏል። አንዳንድ ጊዜ ግራ እጃቸውን አንስተው ወደ ተጣመመው በኩል ይጠቁሙና በምሬት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሚያደርጉት ነገር ይኼው ነበር።

ታየች የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት አዲስ ኮምፒውተር ሲያስገባ አሮጌውን ላፕቶፕ ለእሷ ተወላት። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ካለ ይሠራል፣ መብራት ከሄደ ድርግም ነው። ይታያል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወረቀት ሊያሳትም ሲመላለስ ፊቷ ሁልጊዜ የዛለ መሆኑን አይቶ ኖሮ አንድ ቀን በፍላሽ ጌም ይዞላት መጣ።

«እኔ ጌም የምጫወትበት ዕድሜ ላይ ነኝ ወይ?» አለችው።

«ይኼ ተኩስ የለበትም» አላት። «ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ አፈሩን በኩብ በኩብ እየደረደርሽ የፈለግሽውን ትገነቢያለሽ። ሞክሪው፤ ካልወደድሽው አጥፊው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ከፈተችው። አንድ ግድግዳ አቆመች። አንሙት አንገታቸውን መለስ አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣ «ምንድን ነው እሱ?» አሉ በዚያ በከበደ አንደበት።

«ቤት ነው አባዬ። እየሠራሁ ነው።»

«መስኮቱ ላይ ያለው ድንጋይ ምን ደግፎት ቆመ?»

«እዚህ አይወድቅም። አየር ላይም ይቆማል።»

«አየር ላይ የሚቆም ድንጋይ!» አሉ አንሙት። ተቆጡ። «አፍርሺው። ድንጋዩን የሚሸከመውን ጉበን አስቀድሚ።»

አፈረሰችው። ጉበኑን አስቀደመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ፣ መብራት ካልጠፋ፣ አንሙት ትራስ ተደግፈው በግራ እጃቸው እየጠቆሙ፣ ታየች እየነካካች፣ በሕይወታቸው የሠሯቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ማቆም ያዙ። የደብረ ኤልያስ እህል መጋዘን ተሠራ። ባለ ደርቡ የነጋዴው ቤት ተሠራ። «ዝቅ አድርጊው፤ ወንዙ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው» ይሏታል፤ ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ። እሷም ወንዙን ትስልላቸዋለች።

የምታርፍበት ሰዓት ነበር ያ። አሁን ግን ለጌሙም መቀመጥ አለባት። ወገቧ ይነድዳል፣ ዐይኗ ይከደናል፤ አባቷ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ከንፈራቸው የሚላቀቀው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። እንዴት ደክሞኛል ትበላቸው?

ንድፍ ማስቀመጥን ያስተማራትም ይታያል ነው። «የሠራሽውን ቤት ከዚህ ጥግ እስከዚያኛው ጥግ ታጥሪዋለሽ። ስም ትሰጪውና ታስቀምጪዋለሽ። ከዚያ በሌላ ሜዳ ላይ አንዴ ስትጫኚ እንዳለ ይቆማል። ለሰውም መላክ ይቻላል።» ጌሙን የሚጫወቱ ልጆች ንድፍ የሚለዋወጡበት የፌስቡክ ገጽ አሳያት። ታየች ከሱቁ ኢንተርኔት መጋዘኑንና የነጋዴውን ቤት ላከች። በማግስቱ ከማታውቃቸው ሰዎች መልእክት ጎረፈላት። አንዱ ከሐዋሳ፣ «ይኼን ግድግዳ ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጻፈ። አንዷ ከመቀሌ የነጋዴውን ቤት ወስዳ ሰፈር ሙሉ ገንብታበት ፎቶውን ላከች። ታየች ቤት ገብታ ለአባቷ አሳየች። አንሙት በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሉ። «ይውሰዱት» አሉ። «ግንብ ለባለቤቱ ብቻ አይሠራም። ጥላው ለመንገደኛም ነው።»

አንድ ቤት ብቻ ነበር ታየች ያልላከችው። የራሳቸውን።

ጉንደ ወይን ያለውን ቤት አንሙት ሊያገቡ ሲሉ በገዛ እጃቸው ነበር የገነቡት። ከደጁ የድንጋይ መደብ አለው፤ ግድግዳው ውስጥ ደግሞ እናቷ ማሰሮዋን የምታስቀምጥበት ጎድጎድ ያለ ቦታ። ይህን ሲያሠሯት አንሙት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ተጠበቡ። ያቺን ጎድጓዳ ቦታ ሦስት ጊዜ አስፈረሷት። «ሲሻለኝ ቤቴ እገባለሁ» ይሉ ነበር እያሠሯት። ታየችም «እሺ አባዬ» ትላለች።

ቤቱ ግን የለም። እንዳላማው በበጋው አፍርሶት የሚከራዩ ክፍሎች ጀምሮበት ነበር። «አባዬ እንዳይሰሙ» ብሎ በስልክ ነገራት፤ እሷም አፏን ዘጋች። ንድፉን ያልላከችው ለዚሁ ነው። ከጉንደ ወይን አንድ ሰው ቢያየው፣ «ይኼ የፈረሰው የአንሙት ቤት አይደለም እንዴ?» ብሎ ቢጽፍ፣ አባቷም ያን ጊዜ አጠገቧ ሆነው «ምን አለ?» ቢሏትስ? ስለዚህ ደበቀችው። አንዳንድ ቀን አባቷ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ብቻዋን ትከፍተውና ደጁ ላይ ትቆማለች። ትገባለች። ትወጣለች። ሌላ የምታደርገው ነገር የለም።

የፈተና ሰሞን ሱቁ በተማሪ ሲጥለቀለቅ አንዱ ኮምፒውተር ተበላሸና ላፕቶፑን ለሥራ ይዛ ሄደች። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍላሽ ቫይረስ አስገባበት። ፋይሉ ሁሉ አልከፈት አለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ መለሰላት። «ማሽኑ ተርፏል፤ ፋይሉ ግን ሄዷል» አላት። ታየች ቆማ አየችው። ማልቀስ ፈለገች፤ ደግሞ ለማልቀስም ደከማት። ሰልፉ ይጠብቃታል፤ ወደ ፎቶ ኮፒው ተመለሰች።

ይታያል ሲሰማ፣ «የላክሻቸውን እኮ ከወሰዱት ሰዎች ማግኘት ትችያለሽ» አላት። ጻፈችላቸው። በሳምንቱ ውስጥ ቤቶቹ እየተመለሱ መጡ፤ እንደሄዱ ሆነው ግን አልነበረም። መጋዘኑ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ሁለት ደርብ ተጨምሮበት መጣ።

አንሙት ሲያዩት ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። «ማነው በእኔ ግድግዳ ላይ ይኼን ሁሉ የጫነ? መሠረቱ አይችለውም!»

«የሐዋሳው ልጅ ነው አባዬ።»

«ንገሪው። ድንጋይ አይናገርም ተብሎ እንደ አህያ አይጫንም በይው።» ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የሰማችው ያኔ ነው። ቀጥለውም፣ «የኛስ ቤት የታለ? ክፈቺው» አሉ።

«የኛ የለም አባዬ። ለማንም አልላክሁትም ነበር። ጠፋ።»

አንሙት ግራ እጃቸውን በቸልታ አወናጨፉ። «ምን ቸገረን! ዋናው ጉንደ ወይን ቆሞ የለም? ሲሻለኝ ሄደን እያየሽ ትሠሪዋለሽ።»

ታየች «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት። ስንት እሺ ስትል ኖራለች! እሳቸውን ማንሳቱ ከብዷታል፣ ሥራው ከብዷታል፤ ውሸቱን ግን ከእንግዲህ መሸከም አቃታት።

«ቤቱ ፈርሷል አባዬ» አለች። «አያ እንዳላማው አፍርሶታል። አምና በበጋው። አውቅ ነበር፤ ደብቄዎት ነው።»

 የአንሙት ዐይን ላፕቶፑ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ከደጅ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል። ታየች እጃቸውን ለመያዝ ፈልጋ ፈራች። አንሙት፣ «ድንጋዩን የት አደረሰው?» አሉ።

አልገባትም። «ምን አሉኝ?»

«ድንጋዩን። እኔ የጠረብሁትን።»

ስልክ ደወለች። «አያ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ስማቸው» አለችና ስልኩን ወደ አባቷ ጆሮ አስጠጋች። እንዳላማው ተንተባተበ፤ ይቅርታ ጠየቀ። አንሙት ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁት ገሚሱ የአዲሱ ቤት መሠረት ውስጥ መግባቱን፣ የተረፈው ጓሮ መቆለሉን ተናገረ። አንሙት «መሠረት ውስጥ…» አሉና አቆሙ። «በጭቃ ነው በሲሚንቶ?»

«በሲሚንቶ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ከዚያ አይወጣም» አሉ። ስልኩን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉት።

በዚያን ቀን ምሳ አልቀመሱም። ተከትሎ በመጡት እሑዶችም ላፕቶፑን አልጠየቁም። ታየች መጀመሪያ ቀለል ብሏት ነበር፤ ከጎናቸው ጋደም ብላ ተኛች፣ ያጣችውን እንቅልፍ ተኛች። ኋላ ግን ዝምታቸው እንደ ድሮው ሲሆን፣ ዐይናቸው ወደ ተጣመመው ግድግዳ ሲመለስ፣ የፈረሰውን ቤት እንደገና እንሥራው ብላ ልትጠይቃቸው አሰበች፤ ግን ያን ሁሉ ድንጋይ፣ ያቺን ጎድጓዳ ቦታ፣ እንደገና ለማንሳት ጣቷም ልቧም እምቢ አላት። እሳቸውም አላነሱትም።

ፋሲካ አልፎ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንሙት ራሳቸው፣ «ያ ነገርሽ መብራት አለው?» አሉ።

«አለው አባዬ።»

«ዲማ ላይ ለአንድ የቅኔ መምህር የጀመርሁት ቤት ነበር። እሱን ሥሪ።»

ሠራች። አቀበቱን፣ ሾላውን፣ መሠረቱን እንደነገሯት አደረገች። ግድግዳው እስከ ሰው ወገብ እንደደረሰ አንሙት እጃቸውን አነሱ።

«በቃ። እዚህ ድረስ ነው የሠራሁት። ከዚያ ታመምሁ።»

«እንጨርሰዋ፣ አባዬ።»

«አላውቀውም ከዚያ በኋላ። እንዲያው ላኪው።»

ታየች ጥግና ጥጉን አጠረች፣ «የዲማ ቤት» ብላ ስም ሰጠችና ንድፉን አስቀመጠች። በማግስቱ ከሱቁ ላከችው። ከሰዓት ላይ ወረፋው ጋብ ሲል ገጹን ብትከፍት የመቀሌዋ ልጅ ጽፋለች፦ «እህት፣ ይኼ ቤት እኮ ጣሪያ የለውም። በርም አላወጣሽለትም።»

ታየች ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ጻፈች፦ «እዚህ ድረስ ነው አቅማችን። በሩን በፈለግሽው በኩል አውጪለት።»